ጉሙ የዕድል፣ ሰዓቱ የእኛ

ከሐይቅ የተነሳ አሪፍ ፎቶ ፖስት ሲደረግ ኮሜንቱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ዕድለኛ ነህ!» እኔ ይህንን ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ጉም የሚለብሰው በዘፈቀደ አይደለም። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጋብ ብሎ ባደረ ሌሊት አየሩ ከውኃው የበለጠ ይቀዘቅዛል፤ ከውኃው የሚነሳው እንፋሎትም ጉም ይሆናል። ስለዚህ ጉም የፈለገ ሰው የኅዳርና የታኅሣሥን ብርድ ይምረጥ። የአምባሰልን ተራሮች ጥርት አድርጎ ማንሳት ለሚፈልግ ደግሞ ክረምቱ አቧራውን አጥቦ የሚሄድበት መስከረም ይሻላል። የግሸን ማርያም ንግሥም መስከረም 21 ነው፤ ቀኑ አይለወጥም።

ፀሐይም ብትሆን በሰኔ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዘንብላ ትወጣለች። የት እንደምትቆሙ ከዋዜማው ወስኑ። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ካላችሁበት ከዳርቻው የሚታይ ቦታ ፈልጉ።

ታዲያ የዕድል ድርሻ የቱ ጋ ነው? ታንኳዋ ከጉሙ መሐል ብቅ የምትልበት ደቂቃ ላይ። እሷን ማንም ሊያቅዳት አይችልም። እስከዚያው ግን የስልካችሁን ሌንስ ጥረጉ፤ ስክሪኑን ጫን አድርጋችሁ ያዙና ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱት፤ አለበለዚያ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆንባችኋል።

ጉሙ ከቀረስ? በአፕ አትለጥፉበት። ይልቅ አላርሙን ለነገም 11 ሰዓት ላይ ሙሉት።