የጀልባ ጫማ አብነት ላይ

ከመርካቶ ወደ አብነት ሲሄዱ፣ መንገድ ዳር ከተደረደሩት ጫማ ቤቶች በአንዱ መደርደሪያ ላይ አንድ ቡናማ ጫማ ተቀምጧል። አፉን ቀጭን የቆዳ ጠፍር እየገባ እየወጣ ይዞረዋል። ፊቱ ላይ ወፈር ያለ ነጭ ክር በቅስት ተሰፍቶበታል፤ ስፌቱ የያዘው ቆዳ እንደ ሳምቡሳ ጠርዝ ተጨማድዷል። ሶሉ ነጭ ነው። ሻጩን ምንድን ነው ብትሉት "ሞካሲን" ይላችኋል፤ አልተሳሳተም። የዚህኛው ሞካሲን የትውልድ ስም ግን የጀልባ ጫማ ነው።

ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው በባዶ እግሩ ነው። የጀልባ ጫማ የሚያደርገው አዲስ አበቤ ደግሞ ጀልባ የሚያየው ለእረፍት ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ሲወርድ ነው፤ ያኔም ቢሆን ፎቶ ይነሳበታል እንጂ አይቀዝፍም። ቢሆንም ጫማው እዚህ ደርሶ ወገን አግኝቷል። ከሱፍ ሱሪም ከጂንስም ጋር ይሄዳል፤ ቀላል ነው፤ ሲያወልቁትም ሲያጠልቁትም ጎንበስ አያሰኝም። የቢሮ ሰው፣ ሚዜ፣ ጡረተኛ ሁሉም ያደርገዋል።

ታሪኩ ከአንድ ውሻ ይጀምራል። ፖል ስፔሪ የተባለ አሜሪካዊ ጀልባ ወዳድ ነበር፤ የራሱ ጀልባ ላይ አዳልጦት ያውቃል። በ1935 እ.ኤ.አ. ኮኔቲከት ውስጥ ውሻው በበረዶ ላይ ሳይንሸራተት ሲሮጥ አየና መዳፉን ገልብጦ ተመለከተው። መዳፉ በደቃቅ ስንጥቆች የተሞላ ነበር። ስፔሪ ቢላ አነሳና በጎማ ሶል ላይ የዓሣ አጥንት የመሰለ መስመር ሸነታተረበት። እግር ሲረግጥ ሶሉ ይታጠፋል፣ ስንጥቆቹ ይከፈታሉ፣ በእግርና በወለሉ መካከል ያለውን ውሃ እየገፉ ጎማው እንዲይዝ ያደርጋሉ። ሶሉ ነጭ የሆነው ለውበት ሳይሆን ጥቁር ጎማ የጀልባውን ወለል ስለሚያቆሽሽ ነው። ጠፍሩም ጌጥ አይደለም፤ ጫፉን ሲስቡት የጫማውን አፍ ከተረከዙ ጀምሮ ይሰበስበዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለመርከበኞቹ ወሰደው፤ ቀጥሎ ተማሪው፣ ቀጥሎ ባሕር አይቶ የማያውቀው ሁሉ።

ስፔሪ የፈለሰፈው ግን ሶሉን ነው። ከሶሉ በላይ ያለው አሠራር ከእሱ በብዙ ይቀድማል። ሞካሲን የሚለው ቃል ራሱ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ ነው፤ እነሱ አንድ ቆዳ ከእግራቸው ሥር ያነጥፉና ጠርዙን ወደ ላይ ሰብስበው ይሰፉት ነበር። የምቾቱ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የተለመደው ጫማ የሚሠራው ከላይ ወደ ታች ነው። ተሰፍቶ ያለቀው የላይ ቆዳ ፎርማ ላይ ይለብሳል። ፎርማ የሚባለው የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት ወይም ፕላስቲክ ነው። ቆዳው በጉጠት እየተሳበ ጠርዙ ወደ ሥር ይታጠፍና ከአንድ ጠንካራ ካርቶን ጋር በማስቲሽ ይጣበቃል፤ ከሥሩ ሶሉ ይለጠፋል። ስለዚህ እግራችሁ የሚያርፈው ካርቶን ላይ ነው፤ በላዩ ስስ ቆዳ ስለተነጠፈበት አታዩትም። ሞካሲን ግን ከታች ወደ ላይ ነው። ቆዳው ከፎርማው ሥር እንደ አንቀልባ ይነጠፋል፣ ጎንና ጎኑ ወደ ላይ ይመጣል፣ ከላይ ከሚቀመጠው ምላስ መሳይ ቁራጭ ጋር ይሰፋል። በመካከል ካርቶን የለም። እግር በቆዳ ታዝሎ ይቀመጣል ብንል ማጋነን አይሆንም።

አብነት ውስጥ አንድ ደረጃ ወጥቼ ይህን ሲሰፉ አይቻለሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ የማስቲሽ ሽታ ገና ከደረጃው ይቀበላል። ጥግ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ፎርማውን በጉልበታቸው መካከል ይዘዋል። ቆዳው ረጥቧል። ቆዳ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፤ ፎርማው ላይ እንዳለ ከደረቀ ደግሞ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም። በወስፌ ይበሱና አንድ ረጅም ሰም የተቀባ ክር በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ ይዞ በዚያው ቀዳዳ ከግራም ከቀኝም ይተላለፋል። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ክንፍ እንደሚዘረጋ ሰው ግራና ቀኝ ይስቡታል። አንድ ስፌት።

"ጋሼ፣ ማሽን አይሰፋውም?" አልኳቸው።

"ማሽንማ እኩል ከእኩል ይሰፋል። ይኼ እኩል አይደለም፤ ረጅሙን ከአጭሩ ጋር ማስታረቅ ነው።"

እውነታቸውን ነው። ከሥር የመጣው ቆዳ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጠርዙ ከላይኛው ቁራጭ ጠርዝ በጣም ይረዝማል። ትርፉ ተቆርጦ አይጣልም፤ በእያንዳንዱ ስፌት ጥቂት ጥቂት እየተሰበሰበ ይዋጣል። ያ የሳምቡሳ ጠርዝ የመሰለው ጭምድድ የዚህ ውጤት ነው። አንዱን ስፌት አጥብቀው ቀጣዩን ቢያላሉት ጭምድዱ ይዛባል፣ ጫማውም አፍንጫው ይጣመማል። የክሩ አሠራርም ልዩነት አለው። የማሽን ስፌት ላይኛውና ታችኛው ክር ተቆላልፈው የሚይዙት ስለሆነ አንዱ ሲበጠስ ሌላው እየተተረተረ ይከተላል። በሁለት መርፌ የተሰፋው ግን አንዱ ወገን ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። እኔ ሁለት ሻይ ጠጥቼ ስጨርስ ሰውዬው የአንዱን እግር ፊት ገና አላጋመሱም። አጠገባቸው ያለው ልጅ በዚያው ጊዜ ሦስት ጥንድ ሶል ለጥፏል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ የጊዜ ልዩነት ነው። መደርደሪያ ላይ ካሉት "ሞካሲኖች" ብዙዎቹ ከፊት ብቻ ሞካሲን ናቸው። ስፌቱ ለጌጥ ከላይ ይመታል፤ ውስጡ ያው ካርቶን ነው። እኔም አንድ ክረምት ስሙን ከማልጠራው ሱቅ ገዝቼ ቀልጬ ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ዝናብ መታኝ፤ ማታ ሳወልቀው ካርቶኑ ወጥ እንደነካው እንጀራ አብጦ ተፈርፍሯል። ስፌቱን ብተረትረው ከሥሩ ያልተቆረጠ ለስላሳ ቆዳ አገኘሁ። ክሩ ምንም የያዘው ነገር አልነበረም።

ስለ ቆዳው ደግሞ ልናገር። ለእንዲህ ያለ ጫማ የሚመረጠው ሁለት ሚሊ ሜትር ግድም ውፍረት ያለው፣ ዘይትና ሰም የጠጣ የከብት ቆዳ ነው። ዘይቱ ውሃን ያዘገያል፤ እግር ሲንቀሳቀስም ቆዳው እንዲለመጥ ያደርጋል። ለገበርና ለስስ ሞካሲን ግን አገራችን በበግና በፍየል ሌጦ ትታወቃለች። የደጋ በጋችን ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ የዓለም ጓንት ሠሪዎች ይፈልጉታል። የባቲ ፍየል ሌጦ ደግሞ በከተማዋ ስም በዓለም ገበያ የታወቀ ነው፤ ለጫማ ፊትና ለስዌድ ቆዳ ይሆናል። መንግሥትም ይህ ሀብት ጥሬውን እንዳይወጣ ብሎ በ2008 እ.ኤ.አ. በጥሬ ቆዳና በከፊል በተለፋ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ቀረጥ ጥሎ ነበር።

ሆኖም ቆዳው ፋብሪካ ሳይደርስ ይጎዳል። እከክ የሚባለው በቅማልና በመዥገር መሰል ተባዮች የሚመጣ በሽታ በሕይወት እያለ በግና ፍየሉን ይበላል፤ ፀጉሩ ሲወርድ ቆዳው ላይ የተበታተነ ነጠብጣብ ይገኛል። ከእከክ የተረፈውን ደግሞ እኛ በዓል ቀን በቢላ እንቀደዋለን። ድሮ በፋሲካ ማግስት "ቆዳ ያለው!" እያለ የሚዞረው ሰው ሲመጣ እናቶች ዋጋ ይከራከሩ ነበር። ባለፉት ዓመታት ዋጋው ወድቆ በየቆሻሻ ገንዳው የበግ ቆዳ ተጥሎ አይተናል። ያ የተጣለው ቆዳ የአንድ ጥሩ ሞካሲን ገበር ነው፤ እኔ ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ይኸው ነው።

የመርካቶ ጫማ ሰፊዎች ሙያ ከየት እንደ መጣም ይታወቃል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አርመን ነጋዴዎች አዲስ አበባ ውስጥ የጫማ ፋብሪካዎች ከፈቱ። አንዱ ዳርማር ሲሆን፣ በደርግ ጊዜ ተወርሶ ዛሬ አንበሳ ጫማ ብለን የምናውቀው ነው። እዚያ የሠለጠኑ ሠራተኞች እየወጡ በመርካቶ ዙሪያ የየራሳቸውን ሥራ ጀመሩ፤ እነሱም ሌሎችን አሠለጠኑ፤ ዘመድ ዘመዱን እየሳበ በሸራ ተራና በአካባቢው መንደር ሙሉ ጫማ ሰፊ ሆነ። አንዱ ቆዳ ይሸጣል፣ አንዱ ሶል፣ አንዱ ፎርማ ያከራያል፣ አንዱ ስፌት ብቻ ይሰፋል። ከፎርማ፣ ከማስቲሽና ከሊስትሮ ቃላት እንደምንሰማው የጣሊያንም እጅ አለበት። ይህ ሁሉ የሆነው ቆዳ የሚነካ ሰው "ፋቂ" እየተባለ በሚናቅበት አገር መሆኑ አይዘንጋ፤ አፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል።

በ2001 እ.ኤ.አ. አካባቢ የቻይና ጫማ መርካቶን አጥለቀለቀው። ርካሽ ነበር፣ መልኩም አዲስ። ብዙ ጫማ ሰፊዎች ሠራተኛ በተኑ፣ አንዳንዶችም ዘጉ። የተረፉት ሞዴል ለወጡ፣ የተሻለ ሶልና ቆዳ መጠቀም ጀመሩ። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የእነሱ ጫማ እንደገና ተፈላጊ ሆነ፤ የቻይናው በአንድ ክረምት እንደሚለቅ ገዢውም አይቶ ነበርና። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ልማድ ግን ያበሳጨኛል፤ አብነት ላይ የተሰፋ ጫማ ውስጡ የጣሊያን ስም ይታተምበታል። ሰፈሩ "አብነት" ተብሎ ሳለ የሌላ አገር አብነት መዋስ ምን ይባላል? ሠሪዎቹን ብትጠይቁ ጥፋቱን ወደ እኛ ወደ ገዢዎቹ ይመልሱታል፤ የአገር ውስጥ ነው ሲባል ዋጋ የምናወርደው እኛ ነን።

ምቾት ለዚህ አገር ሰው ቀላል ጉዳይ አይደለም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ የቀረበለት ጫማ አልመች ስላለው ትቶት ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። የማይመች ጫማ ከባዶ እግር እንደሚያንስ ያየነው ያን ቀን ነው። እውነተኛ ሞካሲን ይህን ፈተና ያልፋል ብዬ አምናለሁ። ከእግር ጋር ይታጠፋል፤ ላብ ይመጥጣል፤ ጥቂት ሳምንት ከተደረገ በኋላ የባለቤቱን እግር መልክ ይይዝና የሌላ ሰው እግር አያስገባም። ጉድለትም አለው። ቁርጭምጭሚት አይደግፍም፣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ለሚቆም ሰው ሥሩ ይሳሳል፣ ፊቱ ላይ በተበሳው ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ይገባል። ለጀልባ ተሠርቶ ውሃ ያስገባል መባሉ የሚያስቅ ቢሆንም፣ መርከበኛው የፈለገው ፈጥኖ የሚደርቅና የማያዳልጥ እንጂ ውሃ የማያስገባ አልነበረም።

አብነት ሄዳችሁ ልትገዙ ከሆነ ወደ ማታ ሂዱ፤ እግር ቀኑን ውሎ ያብጣልና ልኩ የሚታወቀው ያኔ ነው። ጫማውን ከማድረጋችሁ በፊት እጃችሁን እስከ ጫፉ አስገቡ፤ ስፌቱን ከውስጥ በጣታችሁ ካላገኛችሁት ያ ስፌት ጌጥ ነው። በሁለት እጃችሁ እጠፉት፤ ካርቶን ካለው ይገፋችኋል። ጭምድዱን ግራና ቀኙን አስተያዩ። ዋጋ ስትከራከሩ ሁለት ሻይ ጠጥቼ ያላለቀውን ስፌት አስቡልኝ። ሐምሌና ነሐሴን ግን ቦቲ አድርጉ።