አልፎ፣ ወጥቶ፣ ወርዶ

ከወልቂጤ የተነሳ መኪና ጉብሬን አልፎ፣ ተራራውን ወጥቶ ቡታጅራ ይወርዳል። የወልቂጤ ተማሪ ይህን በእንግሊዝኛ በል ሲባል ለሦስቱ ግሶች ሌላ ሦስት ግስ ይፈልጋል። ለእንግሊዝ ግን አንድ «ዌንት» ትበቃዋለች፤ የቀረውን «ፓስት»፣ «አፕ» እና «ዳውን» ይጨርሱለታል።

አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ሊዮናርድ ታልሚ ቋንቋዎችን በዚህ ረገድ ለሁለት ከፍሏቸዋል። አንዳንዶቹ የጉዞውን አቅጣጫ በግሱ ውስጥ ያኖሩታል፤ ስፓኒሽና ሴማዊ ቋንቋዎች እንዲህ ናቸው። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ግን አቅጣጫውን ለተከታይ ቃል ይሰጣሉ። አማርኛም ጉራጊኛም ሴማዊ ናቸውና የወልቂጤና የቡታጅራ ልጅ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው የመጀመሪያውን ልማድ ነው።

የእንግሊዝኛው ግስ አቅጣጫ ስለማይሸከም አኳኋንን ይሸከማል፤ «ራን ኢን» ሮጦ ገባ፣ «ክሮልድ አውት» እየዳኸ ወጣ ነው። እኛ ደግሞ ለአኳኋን «አለ»ን የመሰለ መሣሪያ አለን፦ ዘው ብሎ ገባ፣ ሹልክ ብሎ ወጣ፣ እልም ብሎ ጠፋ። ለ«ስሊፕድ አውት» ከ«ሹልክ ብሎ ወጣ» የተሻለ አቻ አላውቅም።

እርግጥ እንግሊዝኛም «ኤንተር»፣ «ዲሴንድ» የሚሉ ግሶች አሉት። ከፈረንሳይኛ የመጡ ስለሆኑ ለጽሑፍና ለቢሮ ይስማማሉ። ለእኛ ተማሪ ግን እንደ አማርኛው አቅጣጫውን በሆዳቸው ይዘዋልና ይቀልሉታል። ጓደኛውን ቤቱ ሲጋብዝ «ፕሊስ ኤንተር» ይለዋል። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ለጆሮ ግን የበር ላይ ማስታወቂያ ይመስላል።

የውጭ ሰው በእነዚህ ተከታይ ቃላት መቸገሩ የቆየ ነገር ነው። የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የሎቦን የአቢሲኒያ ጉዞ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1735 ተርጉሞ ያሳተመው እንግሊዛዊ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን፣ በ1755ቱ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱ መቅድም ላይ ባዕዳንን እጅግ የሚያስቸግራቸው ይኸው ግስን በተከታይ ቃል የመለወጥ ልማድ መሆኑን ጽፏል።

በአገራችን እንግሊዝኛ በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ነው፤ በተከታይ ቃል የሚለወጡትን ግሶች ግን ብዙዎቻችን የተማርነው ረጅም ዝርዝር በመሸምደድ ነው። ልፋቱ ያለ ቦታው የዋለ ይመስለኛል፤ የሚያዋጣው የተከታይ ቃሉን አቅጣጫ መረዳት ነው። ለምሳሌ፣ «ወራጅ አለ!» ለሚል ተሳፋሪ መኪናው ትልቅም ይሁን ትንሽ መውረድ ያው መውረድ ነው። በእንግሊዝኛ ከአውቶቡስ «ገት ኦፍ»፣ ከቤት መኪና «ገት አውት» ይባላል፤ «ኦፍ» ከላይ መነሳትን፣ «አውት» ከውስጥ መውጣትን ያሳያልና። ይህ የገባው ተማሪ «ጀምፕድ ኦፍ»ን ሳይነገረው ይረዳል። «ጊቭ አፕ» (ተስፋ ቆረጠ) ላይ ሲደርስ ግን ዘዴው አያዋጣም፤ አቅጣጫው ደብዝዟልና መሸምደድ ግድ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ «መጣሁ» ነው። አማርኛ ተናጋሪ ከሰው መሃል ተነስቶ ሲወጣ «መጣሁ» ይላል። ይህን ቃል በቃል «አይም ካሚንግ» ካለው ፈረንጁ ግራ ይገባዋል። በእሱ ቋንቋ «አይል ቢ ባክ» ነው የሚባለው፤ የእንቅስቃሴ ግስ የሚባል ነገር የለበትም፣ መመለሱን ብቻዋን የተሸከመችው «ባክ» ናት።