ሰው በተፈጥሮው ደግ ነውን?

ባለፈው ሳምንት በማደሪያ ቤታችን እስከ እኩለ ሌሊት የቆየ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ወገን «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ሲል፣ ሌላው «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ምሳሌዎች ያገራችን ናቸው፤ ሁለቱንም እናቶቻችን በአንድ ቀን ውስጥ ሲናገሩአቸው ሰምተናል። ክርክሩ ያለ ፍርድ ስለ ተበተነ፣ ነገሩን ዘርዘር አድርገን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሪዎች በጽሑፍ ልናቀርበው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የጥንቱ የቻይና ሊቅ ሜንሲየስ፣ ሕፃን ከጕድጓድ ሊወድቅ ሲል ያየ ሰው ሁሉ ምስጋናም ዋጋም ሳያስብ ይደነግጣልና የደግነት ቡቃያ በሁሉ ዘንድ አለ ብሎ አስተማረ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሹንዚ ግን፣ የሰው ጠባይ ክፉ ነው፤ ደግነት የሚገኘው በትምህርትና በሥርዓት ነው አለ። በአውሮፓም ሆብስ በ1651 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የሚያስፈራ መንግሥት ከሌለ ሰው ሁሉ የሰው ጠላት ይሆናል ሲል፣ ሩሶ በ1755 በበኩሉ፣ ሰውን ያበላሸው ተፈጥሮው ሳይሆን «ይህ የእኔ ነው» ማለትና እርሱን ተከትሎ የመጣው አለመተካከል ነው ብሎ ተከራከረ። በእኛም አገር የጅማ ሼሆች፣ ልጅ ሁሉ በፊጥራ፣ ማለት በንጹሕ ተፈጥሮ፣ ይወለዳል ብለው ያስተምራሉ።

ሊቃውንቱ ካልተስማሙ፣ መጽሐፉን አጥፈን በዓይናችን ወዳየነው ነገር መመለስ ይሻላል። እኛ ያደግነው አጋሮ ነው። በዚያ አገር የሰው ጠባይ የሚታወቀው በቡና ነው።

ኅዳር ሲገባ ፍሬው ይቀላል፤ ከተማውም በሰውና በአህያ ይሞላል። ጧት ገበሬው ቡናውን ጭኖ ወደ ሚዛን ይመጣል። ከምናውቃቸው ነጋዴዎች አንዱ ከሚዛኑ ጥቂት ጥቂት ይሰርቅ ነበር። ገበሬውም ይህን ስለሚያውቅ፣ ቡናው እንዲከብድ ውሃ አርከፍክፎበት ይመጣል። አንዱም ሌላውን አያምንም፤ ባለማመናቸውም ሁለቱ አልተሳሳቱም። ማታ ግን ያው ገበሬ በደጁ የሚያልፈውን የማያውቀውን መንገደኛ «ግባ፣ ቡና ጠጣ» ይለዋል። ያው ነጋዴም ጎረቤቱ ሲሞት ሱቁን ዘግቶ ለቅሶ ይቀመጣል። እንግዲህ እውነተኛው ሰው የትኛው ነው? የጧቱ ነው ወይስ የማታው?

ለዚህ የመልስ ፍንጭ የሚሰጠን ገበሬዎቹ ዳዶ የሚሉት የሥራ ማኅበር ነው። ዛሬ ሁሉም በአንዱ ማሳ ይሠራሉ፤ ነገ በሌላው። ያልመጣ ሰው አይመጣለትም። በዳዶ ውስጥ ያለው ገበሬ ሰነፍም ቅዱስም አይደለም፤ ሌላው የድርሻውን ከሠራ እርሱም በደስታ የሚሠራ፣ ሌላው ካታለለ ግን እጁን የሚሰበስብ ሰው ነው።

ይህንኑ ተመራማሪዎች ከጅማ ርቀው በባሌ መርምረውታል። ደቬሽ ሩስታጊ፣ ስቴፋኒ ኤንግልና ሚካኤል ኮስፌልድ በዚያ ደን የሚጠብቁ 49 ማኅበሮችን ወስደው፣ አባሎቻቸው ከገንዘባቸው ለጋራ ጥቅም ምን ያህል እንደሚያዋጡ ፈተኑ፤ ውጤቱንም በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አወጡ። ሌላው ሲያዋጣ እኔም አዋጣለሁ የሚሉ ሰዎች የበዙበት ማኅበር፣ ደኑ በተሻለ ሁኔታ ተጠብቆ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ጊዜ ሠውተው ደኑን እየዞሩ ይጠብቁ ነበርና። እንግዲህ ደግነት ያለ ጠባቂ ብዙ ጊዜ አይቆይም፤ ጠባቂውም የሚገኘው ከደጎቹ መካከል ነው ማለት ነው።

በእኛም ወረዳ በጎማ ይህን የመሰለ ነገር ታይቷል። በዚያ አካባቢ የደረቀ ቡና ብዙውን ጊዜ ጅማ 5 በሚባል ዝቅተኛ ደረጃ በርካሽ ይሸጥ ነበር። በ2010 ገበሬዎች ዱሮሚና የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ የቀላውን ፍሬ ብቻ እየለቀሙ በአንድነት ማጠብ ጀመሩ። የአንዱ ጥሬ ፍሬ የሁሉን ቡና ስለሚያበላሽ እርስ በርሳቸው መጠባበቅ ነበረባቸው። በ2012 ቡናቸው ከአፍሪካ ቡናዎች ጋር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። ዛፉም ገበሬውም ያው ነበር፤ የተለወጠው ሥርዓቱ ነው።

እስከዚህ ድረስ መልሱ የተገኘ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ከባድ ጉድለት አለበት፤ «ሌላው» የምንለው ማን ነው?

ዛሬ የጅማ ከተማ መኻል የሆነው ሂርማታ፣ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (1878–1932) በሐሙስ ገበያው የታወቀ ነበር። አባ ጅፋር በ1882 ለምኒልክ ለመገበር ተስማምተው አገራቸውን ከጦርነት ያዳኑ፣ ነጋዴንና የሃይማኖት ሊቅን የሚያከብሩ ብልህ ንጉሥ ነበሩ። ሆኖም በዚያው ገበያ ከዝሆን ጥርስና ከዝባድ ጋር ሰው ይሸጥ ነበር። ገዢውና ሻጩ ለጎረቤታቸው የሚያዝኑ፣ ለእንግዳ ቡና የሚያፈሉ እንደ ነበሩ አንጠራጠርም። የተሸጠው ሰው ግን በልባቸው ክበብ ውስጥ አልነበረም። በአገራችን ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1942 ነው።

ክበቡ ሊሰፋ እንደሚችል ግን ከዚያ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር አለን። የ1667 ሥራ ነው በሚባለውና ሊቃውንት ስለ ደራሲው በሚከራከሩበት በዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ፣ ተራኪው የጌታውን ገረድ ሂሩትን ሲያገባ፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ከእንግዲህ ገረድ ልትባል አይገባም ብሎ ይከራከራል።

እኛ ግን ይህን አንብበን ምን አደረግን? በጥር ዕረፍት ከቦንጋ ወጣ ባለ መንደር ከአንዲት ደግ እናት ቤት ገባን። አቦሉን እየጠጣን ሳለ፣ ማንጆ ከሚባሉት ወገኖች የሆኑ አንድ ሽማግሌ ማገዶ ይዘው መጡ። በከፋ ሰው ከማንጆ ጋር አብሮ ያለመብላት ልማድ ከጥንት የመጣ ነው፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ለሽማግሌው ቡናው በተለየ ዕቃ ወደ ደጅ ወጣላቸው። ባለቤቲቱ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ እኛንም እንደ ልጆቻቸው ነው የተቀበሉን። እኛም አየን፤ ስለ ሰው ደግነት ሌሊቱን ሙሉ የምንከራከር ተማሪዎች አንዲት ቃል ሳንተነፍስ ቶናውን ጠጣን። በረካው ሳይደርስ ሽማግሌው ሄዱ።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። ሰው የደግነትን ቡቃያ ይዞ ይወለዳል፤ ነገር ግን ቡቃያው የሚያድገው እንደ ቡና ችግኝ ጥላ ሲያገኝ ነው፤ ጥላውም የማያዳላ ሚዛንና የሚጠባበቅ ማኅበር ነው። ከዚህ የሚቀረው ሥራ ክበቡን ማስፋት ነው፤ ይህም በራሱ አይሆንም፤ ባየበት ቦታ አፉን የሚከፍት ሰው ይፈልጋል። ወደፊት ክርክሩ በማደሪያ ቤታችን ሲነሣ፣ «ሰው ደግ ነውን?» ከማለት ይልቅ «እኛ በዚያ ቀን ስለ ምን ዝም አልን?» ብለን እንድንጀምር እናሳስባለን።