ቶንሲሉ ድኗል፤ ልቡስ?

ልጅዎ «ጉሮሮዬን አመመኝ» ሲልዎት ምን ያደርጋሉ? በብዙ ቤት መልሱ ዝንጅብል በማር፣ የጤና አዳም ሻይ፣ ቢበዛም አንገቱን መጠቅለል ነው። በሦስት በአራት ቀን ልጁ ወደ ጨዋታው ይመለሳል፤ ነገሩም ይረሳል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ በዚሁ ያበቃል። ያመጣው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከሆነ ግን፣ ጉሮሮው ከዳነ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉዳቱ ልብ ላይ ሊታይ ይችላል። በተለይ የሚያሰጋው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው።

ጠባቂው ሲሳሳት

ብዙ ሰው ባክቴሪያው ከጉሮሮ ወርዶ ልብን የሚበላ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ልብን የሚያቆስሉት የራሳችን የመከላከያ ሴሎች ናቸው።

ባክቴሪያው ሰውነት ውስጥ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች መልኩን አጥንተው ይዘምቱበታል። ችግሩ ግን በባክቴሪያው ላይ ያለው ኤም ፕሮቲን የሚባል ነገር በልባችን ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር መመሳሰሉ ነው። በአንዳንድ ልጆች መከላከያው ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። በመጀመሪያ ጀርሙን እንዲይዙ የተሠሩት ፀረ እንግዳ አካላት በልብ ቫልቭ ስስ ሽፋን ላይ ይጣበቃሉ። ሽፋኑ ሲቆጣ ቲ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ፤ ማክሮፋጅ የተባሉትንም ይጠራሉ።

ማክሮፋጆች ጀርምንና የሞቱ ሴሎችን የሚበሉ ናቸው። ከዚያም ቁስል የሚጠግኑትን ሴሎች ያነቃቃሉ፤ እነዚህም ኮላጅን የተባለ ጠንካራ ክር ያነጥፋሉ። እጅዎን ቢላዋ ሲቆርጥዎት የሚሽርልዎትም በዚሁ መንገድ ነው።

እጅ ላይ ጠባሳ ቢቀር ብዙ አይጎዳም። የልብ ቫልቭ ግን በቀን ወደ 100,000 ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ነው፤ ስስና ተጣጣፊ መሆን አለበት። ጠባሳ ሲይዘው ይወፍራል፣ ይደድራል፣ ጠርዞቹም ይጣበቃሉ። አብዝቶ የሚጎዳው በግራ የልብ ክፍል ያለው ሚትራል ቫልቭ ነው። በደንብ ካልተከፈተ ደም አያሳልፍም፤ በደንብ ካልተዘጋ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ጠባሳ በጠባሳ ላይ

የመጀመሪያው ጥቃት ቀላል ምልክት ብቻ ትቶ ሊያልፍ ይችላል። ይሁን እንጂ የመከላከያ ሴሎች ያዩትን አይረሱም። ክትባት የሚሠራው በዚህ ትውስታ ነው፤ ልብ የሚጎዳውም በዚሁ ትውስታ ነው። ባክቴሪያው በተመለሰ ቁጥር ሴሎቹ እንደገና ይነሳሉ፤ በጠባሳው ላይም ሌላ ጠባሳ ይጨመራል።

ልጁ በዚህ ሁሉ ዓመት ጤነኛ ሊመስል ይችላል። አንዳንድ ሴቶች ሕመሙ እንዳለባቸው የሚያውቁት ሲያረግዙ ነው። በእርግዝና የደም መጠን በግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ የጠበበው ቫልቭ አልችል ይላል። ትንፋሽ ሲያጥራት «እርግዝናው ነው» ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜም አለ።

በየአራት ሳምንቱ አንድ መርፌ

የተሳሳቱትን ሴሎች ስህተታቸውን የሚያስረሳ መድኃኒት የለም። የሚቻለው ባክቴሪያው እንዳይመለስ በመከላከል እነሱን አለመቀስቀስ ነው። ለዚህም ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተባለው መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይሰጣል።

በሰሜን ዩጋንዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት የመርፌውን ጥቅም በግልጽ አሳይቷል። የተመዘገቡት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ 818 ልጆች ሲሆኑ፣ ምንም ሕመም ሳይሰማቸው በልብ አልትራሳውንድ ብቻ የበሽታው ጅማሮ የታየባቸው ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ መርፌውን ከወሰዱት 399 ልጆች ሕመሙ የባሰባቸው 3 ብቻ ናቸው። ካልወሰዱት 400 ልጆች ግን 33ቱ ብሶባቸዋል።

መርፌው ያማል፤ ክትትሉም ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ አንዳንድ ወላጆች «ልጄ ደህና ነው፤ ለምን ይወጋል?» ብለው ያቋርጣሉ። ደህና ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርገው ግን ያው መርፌ ነው። ቫልቩ ክፉኛ ከተጎዳ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው። በአገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ይሰጣል፤ ተራ የሚጠብቁት ግን ብዙ ናቸው። ብረታማ ቫልቭ የተተካለት ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰድና በየጊዜው ደሙን መመርመር ይኖርበታል።

ወላጆች ልብ ይበሉ

• ሳልና ንፍጥ ሳይኖር በድንገት ትኩሳት፣ ለመዋጥ መቸገርና የአንገት እጢ ማበጥ ከታየ ልጁን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ሕክምናው ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ልብን ያድናል።

• ሐኪሙ የ10 ቀን መድኃኒት ካዘዘ፣ ልጁ በሦስተኛው ቀን ቢሻለውም 10 ቀኑን ያስጨርሱት።

• እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ለደም መፍሰስና ለሌላ ቁስል ግን ያጋልጣል።

• ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት ወይም ክርን እየተፈራረቀ ካበጠ፣ ልጁ ቶሎ ከደከመው፣ ወይም እጁና ፊቱ ከፈቃዱ ውጭ ከተንቀሳቀሰ ሳይውል ሳያድር ያስመርምሩት።

• መርፌ የጀመረ ልጅ ካለዎት ቀጠሮውን እንዳይረሱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉ። ያለ ሐኪም ፈቃድም አያቋርጡ።