ጋሼ ምን ይፈትሹ ነበር?

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተቀጠርኩት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የፎቅ ግንባታ ላይ፣ በሳይት ኢንጂነርነት ነው። የፕሮጀክቱ ማናጀር በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ፤ ከሒሳብ ሹሟ እስከ ዘበኛው ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ሰሞኑን «የመጀመሪያ ሥራ ላይ ምን ልያዝ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ተመራቂዎች ስለበዛችሁ ከእሳቸው ያየሁትን ልንገራችሁ።

ምክር የሚያበዙ ሰው አልነበሩም። የተማርኩት የሚፈትሹትን ነገር እያየሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ውሃ። ከዘርፉ ውጪ ያለ ሰው ኮንክሪት የሚበላሸው ሲሚንቶ ሲሰረቅ ብቻ ይመስለዋል። ሲሚንቶውም ይሰረቃል፤ ግን ተቆጪ የሌለው ጥፋት ውሃ ነው። ወፍራም ኮንክሪት ለመግፋትም ለመጠቅጠቅም ያደክማል፤ ስለዚህ ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ አንድ ባልዲ ጣል ያደርግበትና ሥራው ይቀላል። ትርፉ ውሃ ሲተን ግን ውስጡ ክፍተት ትቶ ይሄዳል፣ ጥንካሬውም በዚያው ይወርዳል። ለአንድ ከረጢት፣ ማለትም ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ውሃው ከ25 ሊትር ብዙም መራቅ የለበትም፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይቀነሳል።

ጋሼ የኮንክሪት ሙሌት ባለ ቀን ቢሮ አይገቡም። ሚክሰሩ አጠገብ ቆመው ባልዲ ይቆጥራሉ። አንድ ጊዜ ልጁ ደርቦ ሲጨምር አዩት። አልጮሁበትም፤ ጠጋ ብለው «ምን ሆነህ ነው?» አሉት። «ቫይብሬተሩ ቆሟል ጋሼ፣ በብረት ስንወጋው አልገባ አለን» አላቸው። ሙሌቱን አስቁመው ከሌላ ሳይት ቫይብሬተር አስመጡ። ሌላ አለቃ ቢሆን ልጁ በዚያው ቀን ተባሮ፣ ቫይብሬተሩ እንደተበላሸ ይከርም ነበር።

ቀጥሎ ኩቡ። ከሙሌቱ ላይ በሁሉም ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ናሙና እንወስዳለን፤ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላብራቶሪ ውስጥ በማሽን ተጭኖ ይሰበራል። ሲ-25 የሚባለው ኮንክሪት ከሆነ በ28 ቀኑ አንዷ ኩብ 57 ቶን ገደማ መቻል አለባት። ዘርፉ ውስጥ ያላችሁ የሚደረገውን ታውቃላችሁ፤ ለኩቡ ብቻ ሲሚንቶ የበዛበት ለብቻው ይቦካል። ውጤቱ ያምራል፣ ክፍያ ይጸድቃል። አንድ ባልደረባችን ነገሩን በጨዋታ መልክ ጣል ሲያደርግባቸው «ፎቁን ኩቡ አይሸከመውም» አሉና ከዚያ ወዲያ ናሙናው ከየትኛው ቡኬት እንደሚወሰድ ራሳቸው መምረጥ ጀመሩ። ያውም ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ሲደክመው።

አንድ ጊዜ የገና በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁን ወለል፣ ሞላን። አዲስ ኮንክሪት ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥበቱ መጠበቅ አለበት፤ የታኅሣሥ ፀሐይና ነፋስ ደግሞ ቶሎ ያደርቀዋል። ሠራተኛው ለበዓል አገሩ ገብቷል። በበዓሉ ጠዋት ስደውል ስልኩን ያነሳው ዘበኛው ነው፤ ጋሼ ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ሶሌታው ላይ ወጥተው የተሸፈነበትን ጆንያ በጎማ እያጠጡ ነበር። ስለዚህ ነገር በኋላ ለማንም ሲያወሩ አልሰማሁም።

ፔይሮል ሲቀርብላቸው ከታች ወደ ላይ ነው የሚያነቡት። ከታች ያሉት ባሬላ የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው፤ ቀናቸው ተዘሎ ቢቀር ደፍረው የማይጠይቁት እነሱ ናቸው። የአንዷ አንድ ቀን ሳይሞላ አግኝተው ታይም ኪፐሩን ጠሩትና ወረቀቱ ተስተካክሎ እስኪመጣ ሳይፈርሙ ቁጭ አሉ። የሁላችንም ክፍያ ለሰኞ አደረ። ያን ቅዳሜ ተነጫንጨናል፣ አልዋሽም፤ ቀን መዝለል ግን ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ስለ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ሳይት ላይ ሴት ኢንጂነር ስትሆኚ ፎርማኑ ይሰማሻል፣ ከዚያ ሄዶ ወንዱን ይጠይቃል። ጋሼ ለብቻችን ስንሆን «አንቺ ልጅ» ነው የሚሉኝ። ሰው ፊት ግን «ኢንጂነር» ይሉኛል። የእኔን ሥራ እሳቸው ጋ ይዞ የሚመጣውን «ሄደህ ኢንጂነርን ጠይቅ» ብለው ይመልሱታል፤ መልሱን እያወቁት። ያጠፋሁ ሲመስላቸው በሩን ዘግተው ይናገሩኛል። ስለ ሴቶች ተሳትፎ ንግግር ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም።

ሁሉን ነገራቸውን አልወረስኩም። የወረቀት ሥራ ይንቁ ነበር፤ የክፍያ ሰርተፍኬት ጠረጴዛቸው ላይ ስለሚያድር ድርጅቱ ገንዘብ እያለው የሚቸገርባቸው ወራት ነበሩ። በእድገት ሲታለፉም ዝም ይላሉ። ይሄንን ትሕትና የሚሉት አሉ። እኔ አልልም፤ እሳቸው ዝም ባሉ ቁጥር ከላያቸው የሚሾመው ሙሌት ላይ የማይቆም ሰው ነበር።

ዘንድሮ ለኢንተርንሺፕ የምትወጡ ልጆች፣ ሙሌት ባለ ቀን ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ድሮዊንግ አታሳምሩ። ሚክሰሩ ጋ ቁሙና ባልዲ ቁጠሩ። አለቃችሁ እዚያ ከመጡ ከአጠገባቸው አትራቁ፤ ቀኑን ሙሉ ብቅ ካላሉ ደግሞ ሌላ ቦታ ሲቪ ማስገባት ጀምሩ።