የሙዝ ሰልፍ

ስሙኝማ፤ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሙዝ ነው። ቆይ፣ አትሳቁ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2019 ዋርሶ ከተማ፣ ብሔራዊ ሙዚየሙ ደጃፍ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ተሰብስቦ ሙዝ እየላጠ በላ። ርቦት አይደለም፤ ተቆጥቶ ነው። የሙዚየሙ ኃላፊ ናታሊያ ኤልኤል የምትባል ፖላንዳዊት አርቲስት የሠራችውን ፊልም ከእይታ አንስተውት ነበር። ለወጣት ተመልካቾች አይመችም ነው ምክንያቱ።

ፊልሙ "የፍጆታ ጥበብ" ይባላል፤ ናታሊያ ሥራውን የጀመረችው በ1972 ነው። አንዲት ወጣት ሴት ካሜራውን ትክ ብላ እያየች ሙዝ ትበላለች። ትልሰዋለች፣ ትነክሰዋለች፣ ፈገግ ትላለች። ሌላ ጊዜ ቋሊማ ነው፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ፑዲንግ ከአፏ ይዝረበረባል። አለቀ። ታሪክ የለው፣ ንግግር የለው።

ታዲያ ፖለቲካው የቱ ጋ ነው? ሙዙ ላይ! ለእኛ ሙዝ ጋሪ ላይ ተቆልሎ በኪሎ የሚሸጥ ነገር ስለሆነ ነገሩ ያመልጠናል። በዚያን ጊዜዋ ኮሚኒስት ፖላንድ ግን ሙዝ ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ የገና በዓል ሲደርስ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ብርቅ ነበር። ይቺ ሴት እንግዲህ የምዕራቡን ማስታወቂያ ፈገግታ ተውሳ፣ ሱቁ ባዶ በሆነበት አገር "ማስታወቂያ" ትሠራለች። ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ በሉት፤ በአንዱ የምዕራቡን ሆዳምነት፣ በሌላው የራሷን አገር ባዶ መደርደሪያ ይቆርጣል። ደግሞ ልብ በሉ፦ በማስታወቂያ ዓለም ሴቲቱ ራሷ ሸቀጥ ናት፤ እዚህ ግን በላተኛዋ እሷ ናት። ዓይኗንም አትሰብርም።

በ1975 ደግሞ ከብረት መጋረጃው ወዲያ፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ማርታ ሮዝለር ስድስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ጥቁርና ነጭ ቪዲዮ ሠራች። ሽርጥ ታጥቃ የወጥ ቤት ዕቃዎችን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ አንድ በአንድ እያነሣች ታሳያለች፤ ልክ የቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅት ይመስላል። ብቻ እጇ እየከረረ ይሄዳል። በበረዶ መውጊያው ጠረጴዛውን ትወጋዋለች፤ በጭልፋው የሌለ ሾርባ ጨልፋ ትወረውራለች። የመጨረሻውን ፊደል፣ ዜድን፣ በቢላዋ አየር ላይ ትሰነጥቃለች፤ ከዚያ "ምን አደረግሁ?" እንደሚል ሰው ትከሻዋን ሰበቅ።

የሚገርመኝ፣ በዚያ ሁሉ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ጉርሻ ምግብ የለም! ናታሊያ ምግብ አላት፣ ወጥ ቤት የላትም፤ ማርታ ወጥ ቤት አላት፣ ምግብ የላትም። የአንዷ ቀልድ ከባዶ ሱቅ ይነሣል፤ የሌላዋ ንዴት ሴቲቱን አላስወጣ ካለው ሙሉ ጓዳ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የማርታው ይበልጣል፤ ሳይቸኩል ነው የሚያስፈራው። ዕድል የቀናው ግን የናታሊያ ነው።

ምክንያቱም በ2019 ሙዝ ዋርሶ ውስጥ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። የድሮው ቀልድ ሊሞት ይገባው ነበር፤ ክልከላው ነፍስ ዘራበት። ብልጠቱን ደግሞ እዩልኝ፦ መፈክር የያዘን ሰው ሊያስቆሙት ይችላሉ፤ ሙዝ የሚበላን ሰው ግን ምን ብለው ይከሱታል?

ሙዚየሙም በዚያው ሰሞን ፊልሙን ወደ ቦታው መለሰ። ናታሊያ ያኔ 82 ዓመቷ ነበር። በወጣትነቷ ሙዝ ለመግዛት ይሰለፍ የነበረው ሕዝብ፣ በእርጅናዋ ሙዝ ይዞ ሰልፍ ወጣላት።