ታላቅ ከተማን ስለ መጐብኘት

ታላቅ ከተማን ለማየት የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ አይቶ የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። ሕንፃውን ብቻ ተመልክቶ የሚመለስ ሰው፣ መጽሐፍ ገልጦ ሳያነብ የሚከድን ሰው ይመስላል። ልጆች ሆይ፣ ይህን ነገር በአዲስ አበባ ከተማ እንመልከት።

ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ የሚወስደው መንገድ ረዥም አይደለም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ በእግሩ ይጨርሰዋል። ነገር ግን በዚህ አጭር መንገድ ላይ የብዙ ዘመን ታሪክ ይገኛል።

መነሻው የአራት ኪሎ ሐውልት ነው። ይኸውም የሚያዝያ 27 ቀን መታሰቢያ ነው። የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው በ1928 ዓ.ም. በዚህ ቀን ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ወደ ከተማቸው የተመለሱትም በ1933 ዓ.ም. በዚያው ቀን ነው። ስለዚህ አንዱ ቀን የኀዘንም የደስታም መታሰቢያ ሆነ።

ከዚያ ጥቂት ወደ ላይ ሲሄዱ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየም ማለት የጥንት ዕቃ ተጠብቆ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር ዐፅሟ የተገኘው የድንቅነሽ አምሳል በዚያ ይታያል። ዐፅሟ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል በምድር ውስጥ ተቀብሮ ኖሯል፤ ቁመቷም ከብዙዎቻችሁ አይበልጥም።

ቀትር ሲሆን ወደ ምግብ ቤት መግባት መልካም ነው። አስቀድሞ ዋጋውን መጠየቅ፣ ቀጥሎም እጅን መታጠብ፣ ታላላቆች ሳይጀምሩም እጅን ወደ ገበታ አለመስደድ ይገባል። በአንድ ገበታ ሽሮና ምስር ወጥ እየበሉ ያዩትን መጨዋወት ይጠቅማል፤ ያልተነገረ ነገር ቶሎ ይረሳልና።

በስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት ቆሟል። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት ጐበዞች በኢጣልያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። እርሱ ቈሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚህም የተነሣ ጠላት ሦስት ቀን ሙሉ ሽማግሌና ሕፃን ሳይለይ የከተማውን ሰው ገደለ፤ ቤቱንም አቃጠለ። ግፉ በሐውልቱ ዙሪያ በነሐስ ተቀርጾ ይታያል። በዚህ ስፍራ ቆብ አውልቆ ዝም ማለት ይገባል እንጂ መሯሯጥና መጮኽ አይገባም።

ቦምቡ የተወረወረበት ግቢ በአጠገቡ ነው። ያን ጊዜ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በውስጡም ሙዚየም አለ። በዚያ ግቢ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። የማይጠይቅ ልጅ «ግንበኛው ቤቱን ረስቶታል» ብሎ ስቆ ያልፋል። የጠየቀ ግን እንዲህ ይሰማል፦ ደረጃውን የሠሩት ፋሺስቶች ናቸው፤ እያንዳንዱም ዕርከን በኢጣልያ ሥልጣን ከያዙ ወዲህ ያለፈውን አንድ ዓመት ያመለክታል። ጠላት ከተባረረ በኋላ ግን በጫፉ ላይ የአንበሳ ምስል ተቀመጠበት። ለትዕቢት የተሠራው ደረጃ የአንበሳ መቆሚያ ሆነ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ ወደ ታላቅ ከተማ በሄዳችሁ ጊዜ ብዙ ስፍራ ለማየት አትቸኵሉ፤ ጥቂቱን አይታችሁ ጠይቁ። ያን የመከራ ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሎች ዛሬ እጅግ ጥቂት ናቸው። ነገ ለሌላው የሚነግረው ዛሬ የጠየቀ ልጅ ነው።